የልጄ ሰባት ዓመት ደረሰ፤ ስሟን የሚጠራልኝ ሰው ግን አጣሁ

የሚሚ እናት (ጥር 18፣ 2017)

ሰላም ለሁላችሁ። እዚህ መድረክ ላይ ለረጅም ጊዜ አንባቢ ሆኜ ነው የኖርኩት፤ ስጽፍ ይህ የመጀመሪያዬ ነው።

ልጄ ያረፈችው የካቲት 17 ቀን 2010 ዓ.ም.፣ በኪዳነ ምሕረት ማግስት፣ ቅዳሜ ቀን ነው። 11 ዓመቷ ነበር፣ አምስተኛ ክፍል። ትክክለኛ ስሟን እዚህ አላወጣውም፤ ቤት ውስጥ ሚሚ ነበር የምንላት፣ እናንተም ሚሚ በሉልኝ። ሕመሟ የልብ ነበር። ከቶንሲል የመጣ ነው አሉን፤ አንዱ የልቧ ቫልቭ ጠብቦ ነበር። በየ28 ቀኑ የፔኒሲሊን መርፌ ትወጋለች። ለቀዶ ሕክምና ስንዘጋጅ ሳንባዋ ውኃ ቋጠረና በአራት ቀን ውስጥ አመለጠችን።

አንድ ነገር ልንገራችሁ። ኩሽናችን በር ላይ የሚንጠለጠል የግድግዳ ካላንደር ነበረን፣ የቅዱሳኑ በዓል የተጻፈበት። በዚያ ዓመት መስከረም ላይ ሚሚ ወንበር ላይ ቆማ፣ በጣቷ 28፣ 28 እየቆጠረች፣ የመርፌዋን ቀን ሁሉ እስከ ነሐሴ ድረስ በቀይ እስክሪብቶ ከበበችው። «እንዳትረሺ ብዬ ነው» አለችኝ። የመጨረሻዋን ጥር 25 ተወጋች። ከለቅሶው በኋላ ድንኳኑ ተነሥቶ፣ ሰው ሁሉ ወደየቤቱ ሄዶ፣ ውኃ ልቀዳ ወደ ኩሽና ስገባ ካላንደሩ እዚያው አለ። የካቲት 23 ተከቧል። መጋቢት 21 ተከቧል። ሚያዝያ 19፣ ግንቦት 17፣ ሰኔ 15... ሰባት ክብ ቀርቷት ነበር። እዚያው መሬት ላይ ተቀመጥኩ። በማግስቱ ካላንደሩ የለም። አማቴ «ዓይንሽ እንዲያርፍ ነው» አሉኝ፤ የት እንደደረሰ ግን አላውቅም።

ክፋት የለባቸውም። ማንም ክፋት የለበትም። ግን «ሕፃን ናት፣ መልአክ ናት፣ እንዲህ አይለቀስላትም» ተባልኩ። «እግዚአብሔር በሌላ ይክስሻል» ተባልኩ። ከሦስት ዓመት በኋላ ወንድ ልጅ ስወልድ «ይኸው ካሰሽ» አሉ፤ ስሙንም ካሳ እንበለው ሲሉ እምቢ አልኩ። ባለቤቴ ደግሞ ከቀብሯ ቀን ጀምሮ ስሟን አንድ ጊዜ እንኳ ሲጠራ አልሰማሁትም። እኔ ካነሳሁ ተነሥቶ ይወጣል። አሁን ቤታችን «የዚያን ጊዜ» እንላለን እንጂ ሚሚ አንልም።

የሚቀጥለው ወር ሰባት ዓመቷ ነው። ቤተሰቡ ተዝካር ይደገስ ብሏል። የካቲት 17 ዘንድሮ ሰኞ ነው፣ ዐቢይ ጾም የሚገባበት ዕለት፤ ስለዚህ እሑድ በቅበላው በግ ታርዶ፣ ጠላ ተጠምቆ፣ ሰው ተጠርቶ ይሁን እየተባለ ነው። የመጀመሪያ ዓመቷም እንደዚያ ነበር። ስለ ቤት ኪራይ፣ ስለ ዘይት ዋጋ ተወርቶ፣ ተበልቶ ተጠጥቶ «ነፍስ ይማር» ተብሎ ተወጣ። ስሟን የጠራ አንድ ሰው አልነበረም። ከእንግዶቹ ግማሾቹ የማን ተዝካር እንደሆነ የሚያውቁም አልመሰለኝም።

እናንተ ልጅ የቀበራችሁ፣ እንዴት ነው የምትዘክሩት? ከሰባት ዓመት በኋላ ስሟ እንዲጠራ መፈለጌስ ጥፋት ነው?

---

የኮልፌ ልጅ (ጥር 18)

ሚሚ። ይኸው እኔ ጠራኋት። ፈጣሪ ያጽናሽ እህቴ። ልጅ አልቀበርኩም፣ የምመክርሽ የለኝም፤ ዝም ብዬ ማለፍ ግን አልቻልኩም።

---

መሪጌታው (ጥር 19)

እግዚአብሔር ያጽናሽ ልጄ። ከድግሱ ልጀምር፣ ያስጨነቀሽ እሱ ስለሆነ።

ተዝካር የድግስ ስም አይደለም። ዘከረ ማለት አሰበ ማለት ነው፤ ተዝካር መታሰቢያ ነው። ሣልስት፣ ሰባት፣ ዐሥራ ሁለት፣ ሠላሳ፣ አርባ፣ ሰማንያ፣ መንፈቅ፣ ዓመት እያልን የምንቆጥረው ጸሎቱን ነው። በጉና ጠላው ከባህላችን የመጣ ነው፤ ድሃ ሲበላበት መልካም ነው፣ ዕዳ ሲገባበት መልካም አይደለም። ስለዚህ «ካልደገስኩ አልዘከርኳትም» ብለሽ አትጨነቂ።

«ሕፃን ናት አይለቀስላትም» ያሉሽን ደግሞ ከቤተ ክርስቲያን አልሰሙትም። ከአራት ቀን በፊት፣ ጥር 15፣ ቅዱስ ቂርቆስን አክብረናል። ስንት ዓመቱ ነበር? ሦስት። ከእናቱ ከቅድስት ኢየሉጣ ጋር በሐምሌ 19ም እናነሣዋለን፤ በአዲስ አበባ ቤተ ክርስቲያንም፣ ሰፈርም፣ ክፍለ ከተማም በስሙ ይጠራል። ጥር 3 ደግሞ ሄሮድስ ያስፈጃቸው የቤተ ልሔም ሕፃናት ቀን ነው፤ ስንክሳሩ መቶ አርባ አራት ሺህ ይላቸዋል። ስማቸው እንኳ ያልታወቀ ሕፃናት ቀን ተሰጥቷቸው ይዘከራሉ። ወንጌላዊው ማቴዎስም የዚያን ጊዜ ያነሣት ራሔልን ነው፤ ስለ ልጆቿ አልቅሳ መጽናናትን እምቢ ያለችውን እናት። ማንም አልገሠጻትም።

ስሟ እንዲጠራ ከፈለግሽ የክርስትና ስሟን ለካህናቱ ስጪ። በጸሎቱ ይነሣል። ሰኞ ጾም መግባቱም አያስቸግርሽም፤ በጾሙ ቅዳሴው ከሰዓት በኋላ ስለሆነ ሥራ ያለውም ይደርሳል። ንፍሮና ዳቦ ይዘሽ በር ላይ ላሉት ነድያን አካፍይ። ይበቃል።

---

እህት ከኮምቦልቻ (ጥር 19)

ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን። እህቴ፣ እኔ ወንድ ልጄን በአራት ዓመቱ ነው የቀበርኩት፤ ዘንድሮ ዘጠኝ ዓመት ሆነው። «አታልቅሺ፣ ሰብር አድርጊ» ያላለኝ የለም። ሰብር ማለት አለማልቀስ ይመስላቸዋል።

አንድ ሼኽ ያኔ የነገሩኝን ልንገርሽ። ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.) ኢብራሂም የሚባል ልጃቸው ሁለት ዓመት ሳይሞላው እጃቸው ላይ ሲሞት ዓይናቸው አነባ። ከባልደረቦቻቸው አንዱ «እርስዎም?» ብሎ ሲደነቅ፣ ይህ እዝነት ነው አሉት፤ ዓይን ታነባለች፣ ልብ ያዝናል፣ በአንደበታችን ግን ጌታችንን የሚያስወድደውን እንጂ ሌላ አንናገርም አሉ። በዚያው ቀን ፀሐይ ተጋርዳ ሰው «ለኢብራሂም ብላ ነው» ሲል፣ ፀሐይና ጨረቃ ለማንም ሞት ብለው አይጋረዱም ብለው አረሟቸው። ይህን ስሰማ ለመጀመሪያ ጊዜ ደረቴ ቀለለኝ። ማልቀሴ ከዲኔ አላወጣኝም ማለት ነው።

እኔ ድግስ አላደርግም። ልጄ ውኃ ይወድ ነበር፤ ባልዲ ካየ እጁን ካልነከረ አይሆንለትም። ሰፈራችን ትምህርት ቤት በር ላይ ትልቅ የውኃ በርሜል በቧንቧ አስቀመጥኩ። በየሁለት ቀኑ እሞላዋለሁ፣ ኩባያውን ራሴ አጥባለሁ። ልጆቹ «የእሱ ውኃ» ይሉታል፣ በስሙ። ከቤቴ ሆኜ የልጄን ስም የማላውቀው ልጅ ጮክ ብሎ ሲጠራው እሰማለሁ። እህቴ፣ ምን እንደሚመስል ልነግርሽ አልችልም።

---

ስሜ መርሻ ነው (ጥር 20)

እዚህ ገጽ ላይ በራሴ ስም የገባሁት ሆን ብዬ ነው።

ወንድሜ ሞቶ በዓመቱ ተወለድኩ። መርሻ አሉኝ፤ ማስረሻ ማለት ነው። ሰፈራችን ውስጥ ምትኩ አለ፣ ተካ አለ፣ ካሳ አለ፣ ማስረሻ አለ። ልጅ ሆነን ስም ብቻ ይመስለን ነበር። ካደግሁ በኋላ ነው እያንዳንዱ ስም ጀርባ የሞተ ልጅ እንዳለ የገባኝ። እኔንም እንዳልሞትባቸው ጆሮዬን በስተውኝ ነበር፤ አያቴ እስከ ሰባት ዓመቴ «አንቺ» እያሉ ነው የጠሩኝ፣ ሞት ወንድ መሆኔን እንዳያውቅ።

እናቴ ስለ ወንድሜ አንድም ቀን አንሥታ አታውቅም። ፎቶ የለም፣ ልብስ የለም። መሞቷ ሲደርስ፣ እኔ 34 ዓመቴ ነበር፣ ራስጌዋ ተቀምጬ እጇን ይዤ ሳለሁ በሌላ ስም ጠራችኝ። የማን ስም እንደሆነ ለአክስቴ ብጠይቃት እሷ ተነሥታ አለቀሰች። የወንድሜ ስም ነበር። በ34 ዓመቴ ወንድሜን ያወቅሁት በዚያች ሌሊት ነው። እናቴ ለካ አንድም ቀን አልረሳችውም፤ ማስረሻ መሆን አልቻልኩም ማለት ነው።

ልጅሽን ካሳ ስላላልሽው አመሰግንሻለሁ። አንድ ነገር ብቻ እለምንሻለሁ፤ እህት እንደነበረችው ንገሪው።

---

የሚሚ እናት (ጥር 20)

መርሻ ወንድሜ፣ የጻፍከውን ሥራ ቦታ አንብቤው መጸዳጃ ቤት ገብቼ አለቀስኩ።

ልጄ አሁን አራት ዓመቱ ነው። ባለፈው ክረምት ከቁም ሳጥን ውስጥ የሚሚን የትምህርት ቤት ፎቶ አገኘና «ይቺ ማናት?» አለ። አማቴ ቀድመውኝ «የጎረቤት ልጅ ናት» አሉት። እኔም እዚያው ቆሜ ነበር። ዝም አልኩ። ከሁሉ የሚያቃጥለኝ የእኔ ዝምታ ነው።

አሁን ከጀመርኩ አይቀር ሌላውንም ልናገር። ሚሚ በሰባት ዓመቷ ጉሮሮዋን ደጋግሞ ያማት ነበር። ጤና ጣቢያ አልወሰድኳትም። እኔና አማቴ ሆነን ቶንሲል የሚቧጥጡ አንዲት ሴትዮ ዘንድ ወሰድናት። እኔ እግሯን ያዝኩ፣ አማቴ ጭንቅላቷን። ሴትየዋ ጣቷን በጨርቅ ጠቅልላ አስገባች። ደም ተፋች። ተሻላት ብለን ደስ አለን። ከዓመት በኋላ ጉልበቷና ቁርጭምጭሚቷ እያበጠ ሲያስቸግራት ነው ሐኪም ዘንድ የሄድነው፤ ልቧ ያኔ ተነክቷል። አማቴና እኔ ይህን ተነጋግረነው አናውቅም። ካላንደሩን ያነሡትም ለእኔ ዓይን ብቻ ሳይሆን ለራሳቸውም ይመስለኛል።

---

ሲስተር (ጥር 21)

እናቷ፣ በሕፃናት ክፍል 16 ዓመት ሠርቻለሁ። ይህን ታሪክ የነገረችኝ እናት አንቺ የመጀመሪያዋ አይደለሽም፤ እግር የያዘችው ሁሉ ልጇን ለማዳን ብላ ነው የያዘችው። አንቺ የምታውቂውን አድርገሻል። ማንም ሌላ ነገር አልነገረሽም።

ለሚያነቡ ሌሎች ወላጆች ግን ልጻፍ፣ ሚሚም የምትፈልገው ይመስለኛል። ጉሮሮ የሚያመው ሁሉ ፔኒሲሊን አያስፈልገውም፤ አብዛኛው ሳልና ንፍጥ ያለበት ጉንፋን ነው። ሳልና ንፍጥ ሳይኖር ትኩሳት፣ ለመዋጥ መቸገር፣ አንገት ላይ የሚያም እብጠት ካለ፣ በተለይ ከ5 እስከ 15 ዓመት ባለ ልጅ፣ ጤና ጣቢያ ውሰዱት። በባክቴሪያ የመጣ ከሆነ አንድ የቤንዛቲን ፔኒሲሊን መርፌ ወይም የ10 ቀን የሚዋጥ መድኃኒት ይበቃዋል። መቧጠጥም ሆነ እንጥል ማስቆረጥ ባክቴሪያውን አያጠፋውም፤ ደም መፍሰስና ሌላ ኢንፌክሽን ይጨምራል። ጉሮሮው ዳነ ከተባለ ከሁለትና ሦስት ሳምንት በኋላ ትኩሳትና ከአንዱ መገጣጠሚያ ወደ ሌላው የሚዞር እብጠት ከመጣ አትዘግዩ። በዚያን ጊዜ ነው የሰውነት መከላከያው ባክቴሪያውን የሚዋጋ መስሎት የራሱን ልብ ቫልቮች የሚያቆስለው። ልቡ የተነካ ልጅ ደግሞ መርፌውን ለዓመታት ሳያቋርጥ መወጋት አለበት፤ ሕመሙ በተመለሰ ቁጥር ቫልቩ የባሰ ይጠባል።

ሚሚ ባረፈች በሦስት ወሯ፣ ግንቦት 2010 ላይ፣ የዓለም ጤና ጉባኤ ይህንኑ በሽታ በተመለከተ ውሳኔ አሳልፎ ነበር። ያን ቀን ክፍላችን ውስጥ ስናወራው ሁላችንም የየራሳችንን ልጆች፣ ያመለጡንን ማለቴ ነው፣ እያሰብን ነበር። እኛም እንረሳቸዋለን ብለሽ አታስቢ።

የድግሱን ገንዘብ የት ላድርገው ካልሽ፣ ዶክተር በላይ አበጋዝ ያቋቋሙት የሕፃናት የልብ ሕክምና ማዕከል ጥቁር አንበሳ ግቢ ውስጥ አለ። ከዚያ በፊት ግን ሰፈርሽን እዪ፤ ለመርፌ ቀጠሮ የታክሲ ያጣ ልጅ አይጠፋም።

---

ጡረተኛው (ጥር 22)

ልጄ፣ የሁሉንም አንብቤ ነው የምጽፈው። እኔ ደግሞ ትንሽ ለየት ያለ ነገር ልናገር፣ አትቀየሚኝ።

ሦስት ልጅ ቀብሬያለሁ። ሁለቱን በ1965 ዓ.ም. ወሎ ውስጥ፣ በኩፍኝ፣ በአንድ ሳምንት። ስማቸውን አንጠራም ነበር። ጭካኔ አልነበረም። የቀሩት አራት ልጆች ፊታችንን እያዩ ነበር፤ እኛ ከወደቅን እነሱም ይወድቃሉ። ባለቤቴ ማታ ማታ ምድጃው ጠፍቶ ሁሉም ሲተኛ ታለቅስ ነበር፤ እኔም የተኛሁ እመስል ነበር። እንደዚያ ነው ያለፍነው። ባልሽን በግድ አታናግሪው። አማትሽንም እንደ ጠላት አትዪ። ዝምታም አንድ መያዣ ነው። ሙታንም ቢሆኑ ማረፍ ይፈልጋሉ።

---

የጎንደር ልጅ (ጥር 22)

ጋሼ፣ አክብሬዎት ልቃወምዎ። የቴዎድሮስ ልጅ ዓለማየሁ ከመቅደላ ሲወሰድ ሰባት ዓመቱ ነበር። እናቱ እቴጌ ጥሩወርቅ መንገድ ላይ ሞቱበት። እሱም በ18 ዓመቱ በእንግሊዝ አገር ሞቶ ዊንድሶር ተቀበረ፤ ፈረንጆቹ 1879 በሚሉት ዓመት ነው። ይኸው እስከ ዛሬ «ልጃችንን መልሱልን» እንላለን። በ2016 መግቢያ ላይ ከፀጉሩ ቁራጭ ብቻ ለንደን ላይ ለአገራችን ሲሰጥ ስንቱ ሰው አለቀሰ! ያላየነውን ልጅ 145 ዓመት ስሙን ስንጠራ ማንም በቃችሁ አላለንም። አንዲት እናት በሰባት ዓመቷ ለምን በቃሽ ትባላለች?

---

ጡረተኛው (ጥር 22)

እውነትህን ነው። በቃሽ አላልኳትም ግን። እንዴት እንደኖርን ነው የነገርኳት።

---

ከሲልቨር ስፕሪንግ (ጥር 23)

እኔ ሜሪላንድ ነው የምኖረው። ልጃችን በ9 ዓመቱ በመኪና አደጋ አረፈ። እዚህ ያለው ሐበሻ አልተወንም፤ ቤታችን ለአርባ ቀን ሰው አልጎደለበትም፣ ምግብ ከየቤቱ ይመጣ ነበር። ከዚያ በኋላ ግን እንደ አንቺው ዝም ሆነ። ሰው ሱቅ ውስጥ ሲያየኝ መንገድ ይቀይር ጀመር፤ እንዳያስለቅሰኝ ብሎ።

የልጄ አስተማሪ አንድ ማኅበር ጠቆመችኝ፣ ዘ ኮምፓሽኔት ፍሬንድስ ይባላል። በፈረንጆቹ 1969 እንግሊዝ አገር ኮቨንትሪ ውስጥ ልጅ ያጡ ወላጆችን ይዞ የተጀመረ ነው፤ አሁን እዚህ በየከተማው አለ። ክብ ሠርተን እንቀመጣለን። መጀመሪያ የሚደረገው ነገር አንድ ነው፤ እያንዳንዱ ወላጅ የልጁን ስም ይጠራል። ገና የመጀመሪያ ቀን ተራዬ ሲደርስ ድምፄ አልወጣ አለ። አጠገቤ የተቀመጠች የማላውቃት ሴት «ቀስ በይ፣ ጊዜ አለን» አለችኝ። ስሙን በአማርኛ አጠራሩ ስጠራው፣ ፈረንጆቹ ሁሉ እየተሳሳቱም ቢሆን ደገሙልኝ።

በዲሴምበር ሁለተኛው እሑድ ደግሞ በዓለም ዙሪያ ልጅ ያጡ ሰዎች ከምሽቱ አንድ ሰዓት ላይ ሻማ ያበራሉ፤ እያንዳንዱ አገር በራሱ ሰዓት። እኔ ጧፍ ነው የማበራው፣ እናቴ የላከችልኝን። በሚመጣው ዲሴምበር ለሚሚም አበራለሁ።

---

የቀድሞ ሹፌር (ጥር 24)

እህቴ፣ እኔ ባልሽን ነኝ። እሱን አይደለሁም፣ ግን እንደ እሱ ነኝ።

ልጄ ከሞተ 12 ዓመቱ ነው። ከባድ መኪና ነበር የምነዳው። ስሙ ሲነሳ ጉሮሮዬ ይዘጋል፣ አየር ያጥረኛል፤ ሰው ፊት እንዳልወድቅ ተነሥቼ እወጣለሁ። ሚስቴ ረሳው ብላ አዘነችብኝ። እኔ ግን ከወንበሬ ሥር፣ ከክሪኩ ጋር፣ የልጄን አንድ እግር ጫማ ይዤ ነበር የምዞረው። ቁጥር 29። ጅቡቲ ደርሶ ይመለሳል፣ ሞያሌ ደርሶ ይመለሳል። ረዳቴ እንኳ አያውቅም ነበር።

ስሟን ጥራ አትበዪው። «የእሷ ምን አለህ?» ብለሽ ጠይቂው። አንድ ነገር አለው። እምልልሻለሁ፣ አንድ ነገር አለው።

---

የሚሚ እናት (ጥር 26)

ትናንት ማታ ልጁ ከተኛ በኋላ ጠየቅሁት። እንዳላችሁኝ፣ ድምፄን ዝቅ አድርጌ፣ «የእሷ ምን አለህ?» አልኩት።

ብዙ ቆየ። ከዚያ ተነሥቶ ወጣ። እንደ ሁልጊዜው ሄደ ብዬ አዘንኩ። ሲመለስ የመሣሪያ ሳጥኑን ይዟል፤ ባለቤቴ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነው። ከታች፣ ከሽቦው ሥር፣ አራት ቦታ የታጠፈ፣ በላስቲክ የተጠቀለለ ነገር አወጣ። ካላንደሩ ነው። አማቴ ሊያቃጥሉት ሲሉ ከእጃቸው ወስዶ ነው ያኖረው። ሰባት ዓመት ሙሉ ቤታችን ውስጥ ነበር።

ጠረጴዛ ላይ ዘረጋነው። ቀዩ ቀለም ደብዝዟል፣ ግን ይታያል። እሱ በጣቱ የካቲት 23ን ነካው። ከዚያ መጋቢት 21ን። እስከ ነሐሴ 11 ድረስ አንድ በአንድ ነካቸው። ስሟን አልጠራም፣ እኔም አልለመንኩትም። እስከ ሌሊቱ ስምንት ሰዓት አብረን ተቀመጥን።

የቀድሞ ሹፌር ወንድሜ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ።

---

የሚሚ እናት (የካቲት 19)

እንዴት እንደሆነ ሳልነግራችሁ አልቀርም።

በግ አልታረደም። ሰኞ ከሰዓት ቅዳሴ ሄድን፤ እኔ፣ ባለቤቴ፣ አማቴና ትንሹ። የክርስትና ስሟን አስጽፌ ነበር፣ ሲነሣ ሰማሁት። ንፍሮና ዳቦ በር ላይ አካፈልን። ዳቦውን የጋገሩት አማቴ ናቸው፤ ለሊቱን ሙሉ አልተኙም። ስለ ቶንሲሉም ተነጋገርን፣ እሳቸው ናቸው የጀመሩት። ሁለታችንም አለቀስን። ከዚያ በላይ አልጽፈውም።

ከሳምንት በፊት ደግሞ ትምህርት ቤቷ ሄጄ የድሮ አስተማሪዋን አገኘኋት፤ እሷ የክፍል ጓደኞቿን አፈላልጋ ሰጠችኝ። አሁን 18 ዓመታቸው ነው፣ ዐሥራ ሁለተኛ ክፍል፣ ለፈተና እየተዘጋጁ። ይመጣሉ ብዬ አልጠበቅሁም። ስድስት ሴቶችና አንድ ወንድ ሆነው መጡ። ቡና አፈላሁ፣ ቆሎ አቀረብኩ። ሁሉም ረጃጅም ሆነዋል። ሚሚም ይህን ያህል ትሆን ነበር ብዬ በር ላይ ቆሜ ስለካቸው ያዙኝ።

የማላውቀውን ነገሩኝ። በስፖርት ክፍለ ጊዜ ሚሚ መሮጥ ስለማትችል ሜዳው ዳር ድንጋይ ላይ ትቀመጥ ነበር። ሹራባቸውን ሁሉ እሷ ትይዛለች፤ እላይዋ ላይ ከምረውባት ጭንቅላቷ ብቻ ይታይ ነበር። የሚሮጡትን ዙር የምትቆጥረውም እሷ ናት። አንዷ ልጅ፣ ቀጭን፣ መነጽር ያደረገች፣ «እኔ ሰነፍ ሯጭ ነበርኩ» አለች። «ሚሚ ሁልጊዜ አንድ ዙር ትጨምርልኝ ነበር። መምህሩ ስንት ሮጠች ሲሏት፣ አምስት፣ ትላለች። አራት ነበር። አንድ ቀን ለምን ትዋሺልኛለሽ ብላት፣ አምስተኛውን እኔ ሮጥኩልሽ አለችኝ።»

ባለቤቴ ጥግ ላይ ተቀምጦ ነበር። ተነሥቶ ይወጣል ብዬ ዓይኔን ከእሱ አላነሣሁም። አልወጣም። ወደ ልጅቷ ጎንበስ ብሎ «ሚሚ እንደዚያ አለች?» አላት።

ትንሹ ልጄ ጭኑ ላይ ነበር። «ሚሚ ማናት?» አለ። «እህትህ» አለው አባቱ። ከዚያ ልጅቷን «እስቲ ደግመሽ ንገሪን» አላት፣ ደግማ ነገረችው።

---

እህት ከኮምቦልቻ (የካቲት 19)

አልሐምዱሊላህ። ረመዳን ሊገባ ነው፤ ስናፈጥር በዱዓዬ ሚሚን አነሣታለሁ።

---

ሲስተር (የካቲት 20)

የታክሲ ያጣ ልጅ አይጠፋም ብዬሽ ነበር። አገኘሽ?

---

የሚሚ እናት (የካቲት 20)

አገኘሁ። ከጀርባችን ያለው ግቢ ውስጥ፣ የዘጠኝ ዓመት ልጅ። እናቱ እንጀራ ጋግራ ነው የምታሳድገው፤ ሁለት መርፌ አምልጦታል። ያለፈው ሳምንት እኔ ወስጄው ተወጋ። ቀጣዩ መጋቢት 9 ነው። አዲሱን ካላንደር ኩሽናው በር ላይ ሰቅለነዋል፤ ቀይ እስክሪብቶ ገዝቼለት ራሱ ቆጥሮ እስከ ነሐሴ ከቦታል።